የሳይቶካይን ልቀት ምላሽ

የሳይቶካይን ልቀት ምላሽ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዛት ወደ ደም ሲለቅቅ የሚከሰት ድንገተኛ የሕመም ሁኔታ ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን እና የደም ግፊት መለዋወጥ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሕክምና በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ በመሆኑ ለሕመምተኛውና ለአስታማሚው መድኃኒቱ በሽታውን ያባሰው ይመስላል።

ምላሹ በብዙ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለቱን ነው። አንደኛው ግርሻ ወይም አገርሺ ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች ፔኒሲሊን ከወሰዱ በኋላ የሚደርስባቸው ያሪሽ–ሄርክስሃይመር ምላሽ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ለአሥርተ ዓመታት ተጠንቷል። ሁለተኛው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው ሰዎች የአንቲቦዲ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጣቸው የሚታየው ምላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ሁለቱም ወሳኝ ጥናቶች ታትመዋል። በአዲስ አበባ አንድ ሳይቶካይንን የሚያግድ አንቲቦዲ የግርሻ ሕሙማንን ምላሽ ሲያበርድ፣ በአውሮፓ ያንኑ ሳይቶካይን የሚያግድ ሌላ አንቲቦዲ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማንን በሽታ የሚያነሣሣ ሆኖ ተገኝቷል።

== ሳይቶካይኖች እና አንቲቦዲዎች ==

ሳይቶካይኖች የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያ ሲያገኝ ሳይቶካይን ይለቅቃል፤ መልእክቱ የደረሳቸው ሌሎች ሕዋሳት ይነቃሉ፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ አንጎል የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። በመጠኑ ሲሆን ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ጉዳት የሚያደርሰው ራሱ የመከላከያው ሥራ ይሆናል። በዚህ ረገድ በብዛት የተጠኑት ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር አልፋ (በአጭሩ ቲኤንኤፍ)፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 ናቸው። ቲኤንኤፍ ከሁሉ ቀድሞ ከሚለቀቁት አንዱ ሲሆን ሌሎቹን የመቀስቀስ ኃይል አለው።

አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ቅርጹ እንደ ላቲኑ ዋይ ፊደል ነው። ሁለቱ ክንዶች ዒላማውን ይይዛሉ፤ ግንዱ የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል። ጆርጅ ኮለር እና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ ካሳወቁ በኋላ አንቲቦዲዎች መድኃኒት መሆን ጀመሩ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

== ግርሻ በአዲስ አበባ ==

ግርሻ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ በተባለ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ባክቴሪያውን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው የልብስ ቅማል ነው። ቅማሉ የታመመ ሰው ደም ሲመጥ ባክቴሪያው ወደ ሰውነቱ ይገባና እዚያው ይራባል። በሽታው የሚተላለፈው በዋናነት በንክሻው ሳይሆን፣ ሰውየው ሲያክክ ቅማሉን ሲጨፈልቀውና ፈሳሹ በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ሲገባ ነው።

በሽታው በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በመገጣጠሚያና በጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ነስር፣ በቆዳ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥም ይታያሉ። ካልታከመ ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋና ከሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ማገርሸት ነው። የሚያገረሸው ባክቴሪያው የላይኛ ሽፋኑን ፕሮቲኖች ስለሚለዋውጥ ነው። ሰውነት ለመጀመሪያው ገጽታ ያዘጋጀው አንቲቦዲ አዲሱን ገጽታ አይይዘውም። ሳይታከሙ ከቀሩ ሕሙማን መካከል ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በሕክምና ግን የሟቾቹ መጠን ወደ 2 እስከ 5 በመቶ ይወርዳል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በሽታው በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ ብዙ ሕዝብ ያጠቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ከብዙ አገሮች ሲጠፋ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን ቀጥሏል። የሚበዛው በክረምት ነው። ብርዱ ሰዎች ልብስ እንዲደራርቡና ተጠጋግተው እንዲተኙ ያደርጋል፤ ልብስ አጥቦ ማድረቅም ያስቸግራል። ስለዚህ በሽታው የድህነትና የመጨናነቅ በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ከተመዘገቡት ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች፣ የቀን ሠራተኞች እና መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ አካባቢ እንዲህ ያለው ኑሮ በጉልህ ከሚታይባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው። ገበያው አሁን ባለበት ቦታ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ የአራዳው ገበያ ወደዚያ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። በአቅራቢያው ያለው አውቶቡስ ተራ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ መንገደኞችን ያራግፋል። ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣቶች ሸክም ይሸከማሉ፣ ዕቃ ያወርዳሉ፤ ማታ በርካሽ ማደሪያ ብዙ ሆነው ይተኛሉ ወይም በረንዳ ያድራሉ። ቅያሪ ልብስና የማጠቢያ ውኃ የሌለው ሰው ቅማልን ማስወገድ ይከብደዋል። የልብስ ቅማል ከሰው ገላ ከተለየ ከሳምንት በላይ አይኖርም፤ ልብሱ ሳይወልቅና ሳይታጠብ ሲቀር ግን ምግቡም መኖሪያውም ሳይጓደልበት ይቀጥላል።

== ያሪሽ–ሄርክስሃይመር ምላሽ ==

ግርሻን ለማከም አስቸጋሪው ነገር መድኃኒት መታጣቱ አይደለም። ባክቴሪያው በፔኒሲሊን፣ በቴትራሳይክሊን፣ በዶክሲሳይክሊን ወይም በኤሪትሮማይሲን በቀላሉ ይሞታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መጠን ይበቃል። አስቸጋሪው ባክቴሪያው በሚሞትበት ሰዓት የሚመጣው ምላሽ ነው።

ምላሹ የተሰየመው ቂጥኝን በሜርኩሪ ሲያክሙ ቁስሉና ትኩሳቱ ለጊዜው እንደሚባባስ በጻፉ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ነው። ኦስትሪያዊው አዶልፍ ያሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ጀርመናዊው ካርል ሄርክስሃይመር ደግሞ በ1902 ጽፈዋል። አይሁዳዊ የነበረው ሄርክስሃይመር በ1942 በናዚዎች የቴሬዚየንሽታት ካምፕ ሞቷል። ምላሹ በቂጥኝ፣ በግርሻና በሌሎችም ጥምዝምዝ ባክቴሪያዎች በሚያመጧቸው በሽታዎች ይታያል። ከሁሉም ግን በግርሻ የሚከሰተው ከባዱ ነው።

ምላሹ ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው የብርድ ምዕራፍ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ይጨነቃል፣ አንዳንዱም ይቃዣል፤ የሰውነቱ ሙቀት፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይጨምራሉ። ሁለተኛው የሙቀት ምዕራፍ ነው። ቆዳው ይሞቃል፣ ላብ ይወርዳል፣ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አደጋው በተለይ በዚህ ጊዜ ነው፤ ልቡ የደከመ ወይም ፈሳሽ ያነሰው ሰው ሊሞት ይችላል። በቴትራሳይክሊን የታከሙ ሕሙማን ባክቴሪያው ከደማቸው ቶሎ ይጠፋል፤ ምላሹ ግን ይጠነክራል። በፔኒሲሊን ሲታከሙ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ምላሹ በአንጻሩ ይለዝባል፤ በሽታው የሚያገረሽበት ዕድል ግን ከፍ ይላል።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰን፣ ፒተር ፔሪን እና ዴቪድ ዋረል በአዲስ አበባ የምላሹን ሂደት በልብ፣ በሳንባና በደም ዝውውር ላይ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር በዝርዝር መዝግበዋል። ሐኪሞች በመጀመሪያ የሞከሩት ምላሹን በተለመዱ መድኃኒቶች ማስቆም ነበር። ሃይድሮኮርቲሶን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ትኩሳቱን ቢቀንስም ምላሹን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዘ ላንሴት መጽሔት የታተመ የኢትዮጵያውያንና የብሪታኒያውያን ጥናት ሜፕታዚኖል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ምላሹን እንደሚያለዝብ አሳየ።

የምላሹ ምንጭ ግልጽ የሆነው በ1992 ነው። የኢትዮጵያ፣ የብሪታኒያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከግርሻ ሕሙማን ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው በፊትና ከዚያ በኋላ በየጊዜው ደም ወስደው መረመሩ። መንቀጥቀጡና ትኩሳቱ በሚነሣበት ሰዓት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 በደማቸው ውስጥ በአንድነት ከፍ ብለው ተገኙ። በ1998 ደግሞ ቲኤንኤፍን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ራሱ ባክቴሪያው በሽፋኑ ላይ የሚለዋውጠው የስብ ፕሮቲን መሆኑ ተገለጸ።

== የ1996ቱ የአዲስ አበባ ሙከራ ==

የሳይቶካይኖቹ መጠን ከምልክቶቹ ጋር አብሮ ከፍ ማለቱ ብቻውን ምክንያትነታቸውን አያረጋግጥም። ምክንያት መሆናቸውን ለማወቅ አንዱን ማገድና የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ዳንኤል ፍቃደ፣ ዴቪድ ዋረል እና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ያደረጉት ይህንን ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ።

በሙከራው በደም ምርመራ ግርሻ እንዳለባቸው የተረጋገጠ 49 ሕሙማን ተሳተፉ። በዕጣ ተከፍለው 20ዎቹ ከፔኒሲሊን በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ ተሰጣቸው፤ 29ኙ ደግሞ ማስመሰያ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕሙማኑም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። መድኃኒቱ ከበጎች ደም የተዘጋጀ ሲሆን ሙሉ አንቲቦዲ አልነበረም። የዋዩ ግንድ ተቆርጦ ዒላማውን የሚይዙት ክንዶች ብቻ ቀርተውለታል። እንዲህ ያለው ቁራጭ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚጠራው ክፍል ስለሌለው ቲኤንኤፍን ይይዛል እንጂ ሌላ ምላሽ የመቀስቀስ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው።

ማስመሰያውን ከወሰዱት 29 ሕሙማን 26ቱ መንቀጥቀጥ ያለበት ምላሽ ደረሰባቸው። አንቲቦዲውን ከወሰዱት 20 ሕሙማን ግን ይህ የደረሰባቸው 10 ብቻ ነበሩ። የሙቀት ጭማሪው በአማካይ ከ1.5 ወደ 0.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የልብ ምት ጭማሪው በደቂቃ ከ31 ወደ 13፣ የላይኛው የደም ግፊት ጭማሪ ከ25 ወደ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ብሎ ታይቷል። የኢንተርሉኪን-6 ከፍተኛ መጠን በማነጻጸሪያዎቹ 50፣ አንቲቦዲ በወሰዱት 17 ማይክሮግራም በሊትር ነበር፤ የኢንተርሉኪን-8 ደግሞ 2000 እና 205 ናኖግራም በሊትር። አንቲቦዲውን በወሰዱት ሰዎች ደም ውስጥ ቲኤንኤፍ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ጠፍቷል።

ሙከራው ሁለት ነገር አስረድቷል። አንደኛ፣ ቲኤንኤፍ የምላሹ ምልክት ብቻ ሳይሆን ከመንስኤዎቹ አንዱ ነው፤ እሱ ሲታገድ ተከትለውት የሚለቀቁት ሳይቶካይኖችም ቀንሰዋል። ሁለተኛ፣ ቲኤንኤፍን ማገድ ብቻውን አይበቃም፤ ግማሾቹ ሕሙማን አሁንም ተንቀጥቅጠዋል። ሳይቶካይንን በማገድ ኃይለኛ የኢንፌክሽን ምላሽን ለመቀነስ ከተደረጉት በርካታ ሙከራዎች በሰው ላይ እንዲህ ግልጽ ውጤት ያስገኙት ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ይህ የተቻለው ምላሹ የሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅና አንቲቦዲውን ከፔኒሲሊኑ በፊት መስጠት ስለተቻለ ነው። በሌላ ሙከራ ሳይቶካይኖችን ያረጋጋል የተባለው ኢንተርሉኪን-10 ለግርሻ ሕሙማን ቢሰጥም ምላሹን አልለወጠውም።

== በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን ==

መልቲፕል ስክለሮሲስ የመከላከያ ሥርዓት የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚያለብሰውን ማይሊን የተባለ ሽፋን የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክት በነርቩ ውስጥ በትክክል አያልፍም፤ የእይታ መደብዘዝ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ድክመት፣ ሚዛን ማጣት ይከተላሉ። በዓለም ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። ሕክምናው የመከላከያ ሕዋሳትን መቀነስ ወይም ወደ አንጎል እንዳይገቡ ማገድ በመሆኑ የአንቲቦዲ መድኃኒቶች ትልቅ ቦታ አላቸው።

=== የመጀመሪያው መጠን ምላሽ ===

አለምቱዙማብ የተባለው አንቲቦዲ ሲዲ52 የሚባል ምልክት ያላቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ይይዛል። የሙሉ አንቲቦዲ ግንድ ስላለው ገዳይ ሕዋሳትን ይጠራል፤ እነዚህም ሲነቁ ቲኤንኤፍንና ሌሎች ሳይቶካይኖችን ይለቅቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ብሬይን በተባለው መጽሔት የታተመ የብሪታኒያ ጥናት መድኃኒቱ የተሰጣቸው የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ሳይሆን የቀድሞ ምልክቶቻቸው ለሰዓታት ተመልሰው እንደመጡባቸው አሳየ። ከዚህ በፊት ዓይኑ ደብዝዞ የዳነ ሰው ዓይኑ እንደገና ይደበዝዛል፤ እግሩ ደክሞ የነበረ ሰው እንደገና ይደክማል። ይህ የደረሰው ሳይቶካይኖቹ በደም ውስጥ ከፍ ባሉበት ሰዓት ሲሆን አዲስ ጉዳት አልነበረም። ቀድሞ በተጎዳው ነርቭ ውስጥ የመልእክቱ መተላለፍ ለጊዜው ስለተስተጓጎለ ነው። ሜቲልፕሬድኒሶሎን አስቀድሞ ሲሰጥ የሳይቶካይኑም የምልክቶቹም መጨመር ቀርቷል። ስቴሮይድ ምላሹን ካላስቀረበት ከግርሻ የሚለይበት አንዱ ነጥብ ይህ ነው።

ሪቱክሲማብ እና ኦክሬሊዙማብ ቢ-ሕዋስ የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት የሚያስወግዱ አንቲቦዲዎች ናቸው። ሄርመስ በተባለው እ.ኤ.አ. የ2008 ሙከራ የመጀመሪያው የሪቱክሲማብ መጠን በተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ 78.3 በመቶ የሚሆኑ ሕሙማን ምላሽ ታይቶባቸዋል፤ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 40 በመቶ ነበሩ። በ2017 በአሜሪካ በተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ ሙከራዎች ምላሹ በ34.3 በመቶ ሕሙማን ታይቷል። አብዛኞቹ ቀላል ወይም መካከለኛ ነበሩ፤ በብዛት የታዩትም በመጀመሪያው መጠን ነው። ምክንያቱ ከግርሻው ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ቀን የሚጠፉት ሕዋሳት ብዙ ናቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀሩት ጥቂት በመሆናቸው የሚለቀቀው ሳይቶካይንም ያንሳል።

=== ከሌሎች ምላሾች የሚለይበት ===

ለአንቲቦዲ መድኃኒት የሚሰጥ ምላሽ ሁሉ የሳይቶካይን ልቀት አይደለም። ሌሎች ሁለት ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው አለርጂ ነው። ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የፊትና የጉሮሮ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል። ሰውነት መድኃኒቱን አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ባሉት ጊዜያት ነው። ከባዱ ዓይነት ሕይወትን በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ ይጥላል፤ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፣ አድሬናሊን ይሰጣል።

ሁለተኛው በመድኃኒቱ ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ፕሮቲን ቆጥሮ ፀረ-መድኃኒት አንቲቦዲ ያመርታል። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣና በዓይን የማይታይ ምላሽ ነው፤ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው መድኃኒቱ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል። ናታሊዙማብ በተሞከረበት አፈርም በተባለው ጥናት 9 በመቶ ሕሙማን እንዲህ ያለ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸዋል፤ በ6 በመቶው ላይ ደግሞ ሳይጠፋ ቆይቷል። በእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ ጥቅሙን አጥቷል፣ በሚሰጥበት ጊዜም የሚያስከትለው ምላሽ በዝቷል። የመድኃኒቱ ፕሮቲን ከሰው ፕሮቲን የራቀ በሆነ ቁጥር ይህ ዕድል ይጨምራል። በከፊል ከአይጥ በተወሰደው ሪቱክሲማብ በሄርመስ ሙከራ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ፀረ-መድኃኒት አንቲቦዲ ሲገኝበት፣ ወደ ሰው ፕሮቲን እንዲቀርብ በተደረገው ኦክሬሊዙማብ የተገኘበት 1 በመቶ ገደማ ነው። የአዲስ አበባው የበግ አንቲቦዲ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ለዓመታት ተደጋግሞ ለሚሰጥ ሕክምና ግን የባዕድ እንስሳ ፕሮቲን አይመችም።

=== ቲኤንኤፍን ማገድ ያስከተለው ጉዳት ===

የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን አንጎል ውስጥ ቲኤንኤፍ ስለሚገኝ፣ እሱን ማገድ ይጠቅማቸዋል የሚል ተስፋ ነበር። ሆኖም በዚያው በ1996 ኒውሮሎጂ የተባለው መጽሔት ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ የተሰጣቸውን ሁለት የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን ሁኔታ ዘገበ። በኤምአርአይ ምርመራ የአንጎላቸው መቆጣት ጨምሮ ተገኘ። በ1999 የታተመው ሰፊ ሙከራ ደግሞ 168 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ቲኤንኤፍን የሚይዘው ሌነርሴፕት የተባለ ፕሮቲን ከተሰጣቸው መካከል በሽታው ያገረሸባቸው ማስመሰያ ከወሰዱት በልጠዋል።

ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቲኤንኤፍ ሁለት ዓይነት ተቀባይ ያለው መሆኑ ነው። በአንዱ በኩል መቆጣትን ሲያነሣሣ በሌላው በኩል የማይሊንን ጥገና ያግዛል። ሁለቱንም አንድ ላይ መዝጋት ጥገናውንም ያስቆማል። መድኃኒቶቹ ወደ አንጎል በቀላሉ አለመግባታቸውም ሌላው ማብራሪያ ነው። ስለዚህ ለመገጣጠሚያና ለአንጀት በሽታዎች በሰፊው የሚሰጡት ፀረ-ቲኤንኤፍ መድኃኒቶች መልቲፕል ስክለሮሲስ ላለበት ሰው እንዳይሰጡ ይመከራል። እነዚሁ መድኃኒቶች የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ከመጀመራቸው በፊት ምርመራ ያስፈልጋል።

== መከላከልና ክትትል ==

ግርሻ ያለበት ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ ሊደረግለት የሚገባው ዋናው ነገር ክትትል ነው። ከመወጋቱ በፊት የደም ሥሩ ተከፍቶ ፈሳሽ ይጀመርለታል። ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ በተከታታይ ይለካሉ። ምላሹ ሲጀምር ይሸፈናል፣ ትኩሳቱ ሲያይል በእርጥብ ጨርቅ ይበርድለታል። ግፊቱ ሲወርድ ተንጋሎ መተኛት አለበት፤ በድንገት ተነሥቶ መራመድ አደገኛ ነው። የለበሰው ልብስ ይቀቀላል። ይህ ካልተደረገ የዳነው ሰው ተመልሶ ሊያዝ፣ ሌሎችም ሊጋለጡ ይችላሉ።

ለመልቲፕል ስክለሮሲስ አንቲቦዲ የሚሰጣቸው ሕሙማን ደግሞ ቀድመው መድኃኒት ይወስዳሉ። ለኦክሬሊዙማብ 100 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ፀረ-አለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይጨመራል። የመጀመሪያው 600 ሚሊግራም በአንድ ቀን አይሰጥም። ለሁለት ተከፍሎ 300 ሚሊግራም በሁለት ሳምንት ልዩነት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ 600 ሚሊግራም ይቀጥላል። ጠብታው በዝግታ ይጀመርና ቀስ በቀስ ይፈጥናል። ምላሽ ሲታይ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ምልክቱ ሲጠፋ እንደገና በዝግታ ይቀጥላል። ሕመምተኛው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በክትትል ሥር ይቆያል። ቢ-ሕዋስን የሚያስወግዱ መድኃኒቶች ሄፓታይተስ ቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ የደም ምርመራው ከመጀመሪያው መጠን በፊት ይደረጋል።

== አሁን ያለበት ደረጃ ==

ፀረ-ቲኤንኤፍ አንቲቦዲ ለግርሻ መደበኛ ሕክምና አልሆነም። የአንቲቦዲ መድኃኒት ውድ ነው፣ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፣ በደም ሥር ይሰጣል፤ በአንጻሩ የግርሻ ሕመምተኛ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እነዚህ ነገሮች ወደማይገኙበት ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከ1996ቱ ሙከራ የተገኘው ጥቅም ዕውቀት ነው። አንድ ሳይቶካይን በሰው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያስረዳው ማስረጃ የተገኘው ከአዲስ አበባ የግርሻ ሕሙማን ነው። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ግን እስከ ዛሬ የሚታከሙት በአንድ የፔኒሲሊን መርፌ፣ በፈሳሽና በነርስ ክትትል ነው።

በሽታው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በኔዘርላንድስ ተገኝቷል። በ2016 ክረምትና መጸው ደግሞ በአርሲ ዞን ከተሞች ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በሽታውን ከብዙ አገሮች ያጠፋው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሻሻል፣ ማለትም ቅያሪ ልብስ፣ የማጠቢያ ውኃና ያልተጨናነቀ ማደሪያ ነው።

በመልቲፕል ስክለሮሲስ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለዚህ በሽታ አስፈላጊ ከሆኑ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ከሌሎቹ አንቲቦዲዎች በዋጋ የሚያንሱ አቻዎች ያሉት በመሆኑ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ይበልጥ የሚደረስበት ነው ተብሎ ተመርጧል። መድኃኒቱ ሲመጣ የመጀመሪያው መጠን ምላሽም አብሮት ይመጣል። ምላሹን አስቀድሞ ማወቅ፣ ጠብታውን በዝግታ መስጠትና ሕመምተኛውን አጠገቡ ሆኖ መከታተል ለግርሻ ሕመምተኛ ከሚደረገው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው።